ልጄን ላስቀር መጥቼ

ለእህቴ ኢልሀም፣ ደጎሎ

ሽማግሌዎቹ የአስናቀውን መርዶ ይዘው በማለዳ የመጡ ዕለት ደግፈሽ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህንንም አንቺ ቀድመሽ ስሚልኝ። ልጄን መንገድ ላይ የቀጠፈው መኪና ማንሸራተት፣ ድሪፍት የሚሉት፣ እህቱ እፀገነትም እየተማረችው ነው ሲሉኝ ላስቀራት መካነ ሰላም መጣሁ።

ከከተማው ወጣ ካለ ሜዳ ላይ አገኘኋት። ሄልሜት አድርጋለች፤ ተመልካቹ ሁሉ ከገመድ ወዲያ ቆሟል። መኪናዋ ጭቃ እየረጨች በአሮጌ ጎማዎች ዙሪያ ስትዞር እኛ አገር በሬዎች ገብስ ሲያበራዩ መሰለኝ፤ እነሱስ ቀስ ይላሉ! አስተማሪዋ ፋሩቅ «ፍሬኑን ተይው! መሪውን ወደሚንሸራተትበት መልሺ!» ይላታል። መኪናዋ ታዘዘችላት። ለአስናቀው እንዲህ ብሎ የጮኸለት ሰው አልነበረም።

ስትቆም ላወርዳት ተጠጋሁ። ፋሩቅ ግን «እማማ፣ እኛ ሳንመረቅ ዙር አንጀምርም፤ የሚቀጥለውን እርስዎ ይመርቁልን» አለኝ። ሁሉም መዳፋቸውን ዘረጉ።

«እማዬ፣ እንዳትረግሚን አደራ!» አለች እፀገነት ከመኪናው ውስጥ።

እጄን አንስቼ «ፍጥነታችሁ እዚሁ ሜዳ ላይ ይቅር፤ መንገድ እርጋታችሁን ብቻ ይይ» አልኩ።

«አሚን!» አሉ።

ከመረቅኋት በኋላ ውረጂ ልላት አልቻልኩም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጎረቤትሽን እትዬ በለጥሻቸውን ሳሚልኝ። አንቺ በዱዓሽ፣ እሷ በጸሎቷ፣ ይህን ያነበበም ሁሉ፣ ለአስናቀው ነፍስ ይማር በሉልኝ።

ብርሀንነሽ