ለሜይፌሩ ጎረቤቴ የተላከ መርዶ

ለክቡር ሎርድ ፔልዊክ
ሜይፌር፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ክብርት ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ፈረሶችዎና ውሾችዎ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ በሌላኛው ሜይፌር፣ በጆሃንስበርጉ፣ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ዱባለ ነኝ። “ሎርድ” በአማርኛ “ጌታ” ማለት እንደሆነ አላጣሁትም፤ ነገር ግን እኛ የሆሳዕና ጴንጤዎች ይህን ስም ለአንድ ብቻ ስለሰጠነው፣ “ክቡር” ብዬ ማለፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከምክር ቤት በጡረታ መሰናበትዎን ምክንያት በማድረግ የአገርዎ ጋዜጣ ስለ ሕይወትዎና ስለ ሥራ ዘመንዎ ሙሉ ገጽ ጽፎ፣ እዚያው እንግሊዝ የምትኖረው ልጄ ፍሬገነት “የእማዬ ጎረቤት ጡረታ ወጡ” ብላ በዋትስአፕ ላከችልኝ። አባትዎ ሲያርፉ ርስታቸውንም የምክር ቤት ወንበራቸውንም መውረስዎን፣ ከዚያም አፈር ሳይነኩ የግብርና ሚኒስትር፣ አውቶቡስ ሳይጠብቁ የትራንስፖርት ሚኒስትር፣ በመጨረሻም አንበሳ ለማየት ሁለት ጊዜ ስለመጡ የአፍሪካ ጉዳይ አዋቂ ሆነው ማገልገልዎን በአድናቆት አነበብኩ። ጽሑፉ የሚያበቃው “ለጎረቤት በሩን ዘግቶ የማያውቅ ሰው” በሚል ነው። ጋዜጠኛው ቦታ አጥሮት የተዋቸውን ጥቂት ነገሮች በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ ከወረርሽኙ በፊት በነበረው ዓመት ሠፈራችንን ሲጎበኙ ሱቄ ጎራ ማለትዎ አልተጻፈም። ባለቤቴ አስካለች ወንበር ስላልነበረን የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ፣ ሻርፗን አጥፋ አነጠፈችልዎ፤ ያን ያህል ዝቅ ብለው ተቀምጠው የሚያውቁ አይመስለኝም። እርስዎም እየሳቁ “የእኔም ቤት ሜይፌር ነው፤ ጎረቤታሞች ነን” አሉ። ቀልድ እንደነበር እኔ ገብቶኛል፤ አስካለች ግን ጎረቤት በሚባል ነገር የሚቀለድ አልመሰላትም። ከዚያ ወዲያ በቴሌቪዥን በታዩ ቁጥር “ጎረቤቴ ከሱ”፣ “ጎረቤቴን ዛሬ ማን አስቆጣቸው” ትል ነበር፤ በጸሎቷም ከፍሬገነት ቀጥላ ስምዎን ታነሣ ነበር። ጸሎቷ መሰማቱን የእርስዎ ጤና ይመሰክራል።

፪ኛ፦ ወረርሽኙ ሲብስ አዲሱን የቫይረስ ዝርያ በምክር ቤት ቆመው “ደቡብ አፍሪካዊው” ስላሉልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኔ የጥገኝነት ወረቀቴን በማሳደስ ጠጉሬ ሸበተ፤ ቫይረሱ ግን በአንድ ንግግርዎ ዜግነት አገኘ። በዚያው ንግግር “ደጃፉ ላይ ማንም ይቁም፣ በሩ ዛሬውኑ ይዘጋ” ብለው ነበርና በሩ ተዘጋ፤ በረራውም ቀረ።

ደጃፉ ላይ ማን ቆሞ እንደነበር ላሳውቅዎ። ያን ሰሞን አስካለች ትንፋሽ አጥሯት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ፍሬገነት በአገርዎ መጦሪያ ቤት የእርስዎን እኩዮች የምታጥብና የምታጎርስ ልጅ ናት፤ እናቷን ለማየት ትኬት ቆርጣ፣ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ሳለ አትሄጂም ተባለች። ይህንኑ በስልክ እያለቀሰች ስትነግራት አስካለች “አይዞሽ ልጄ፤ ጎረቤቴ ያስከፍቱልናል” አለቻት። ማን እንዳስዘጋው እያወቅኩ፣ አጠገቧ ቆሜ ስልኩን ያዝኩላት። ከዚያ በኋላ ስትናገር አልሰማኋትም።

በምትቀበርበት ቀን ፍሬገነት ጠዋት የእናንተን ሽማግሌዎች አጥባ፣ ቁርሳቸውን አጉርሳ፣ ቀብሩን በስልክ አየች። እናቷን ግን ያጠባት የለም፤ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለች አፈር ገባች።

፫ኛውን መጻፍ አልቻልኩም። ክቡር ሆይ፣ እጅግ አዝኛለሁ፤ ጠዋት ሱቁን ስከፍት አሁንም ስሟን እጠራለሁ። መሰብሰብ በተከለከለበት በዚያ ሰሞን ከአጥር ወዲያ የምትኖረው ረሒማ ሃይማኖቷ ሌላ ሆኖ ሳለ በየማለዳው ምግብ ደጄ ላይ አስቀምጣ፣ ራቅ ብላ ቆማ፣ ማስኳ እስኪርስ ታለቅስልኝ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ስለ ሩቅ ጎረቤት ግን አባቶቻችን የተናገሩት ነገር እስካሁን አላገኘሁም።

ርስትዎ ለልጅ ልጅ ይለፍ፣ ጡረታዎ የሰላም ይሁን፣ በርዎም ጋዜጣው እንዳለው ይሁን እያልኩ፣ ጎረቤት ለጎረቤት በሚሰጠው አክብሮት እጅ የምነሣዎ፣

ዱባለ
የአስካለች ባል፣ የታችኛው ሜይፌር ነዋሪ
ጆሃንስበርግ፣ ሰኔ 2013 ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ በእኛ ባህል ለቅሶ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው አይወቀስም፤ “አልሰማሁም ነበር” ካለ ይበቃዋል፣ ቁጭ ብሎም ያለቅሳል። ሳጥኑ እንደተገለበጠ አለ፤ ሻርፗንም አላነሣሁትም። “አልሰማሁም” እንዳይሉኝ ግን፣ ይኸው ነገርኩዎት።