ሁለት ፓኬት ራምና የሹፌሩ ጉዳይ

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህን እንዴት አደረገህ? ጎንበስ ብለህ ካቻቪቴ ስትፈልግ የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ ዛሬም ጠረጴዛ ተደግፈህ ነው የምትነሣው? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? አባባስ ሳሉ ለቀቀው? እትዬና ልጆቹስ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በአካሌ ደኅና ነኝ። በአካሌ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከሐሙስ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ይህን ለእማዬ እንዳታነብላት። እሷ የምትሰማውን ገጽ ለብቻው ጽፌ አያይዤልሃለሁ፤ እዚያኛው ላይ ወፍሬአለሁ።

ባለፈው እንደ ነገርኩህ በዚህ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የሦስት ወር ሙከራ ላይ ነኝ፤ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። መቅረቴን ወይም መባረሬን የሚወስነው ዋናው ቴክኒሻን ነው። ሠራተኛው «ዳኛው» ይለዋል፤ ሰው ሲያስረዳው ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና አንዲት ቃል ተናግሮ ይሄዳል። ለእኔ እስካሁን ያለኝ ነገር ቢኖር እጅሽ ፈጣን ነው የሚል ብቻ ነው። ምስጋና ይሁን ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኞ ራም የምጨምርላቸው ሁለት ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ተሰጡኝ። አንዱ የአንዲት የቤት ፕላን የምትነድፍ ሴትዮ ነው፤ ሌላው የአንድ ጥርስ ሐኪም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፓኬት መጣ፤ በየፓኬቱ ውስጥ አብረው የተሠሩ፣ አብረው የተፈተኑ ሁለት ራሞች አሉ፤ እዚህ እንደሚሉት ጥንዱ ከተቀላቀለ ማሽኑ ሥራ መሀል ሊሳሳት ይችላል። የዚህ ቤት ደንብ የአንዱን ፓኬት ጥንድ ገጥሞ ሳይጨርሱ ሌላውን ፓኬት አለመንካት ነው። እኔ ግን አንተ ሱቅ እንደለመድነው አደረግኩ። ሁለቱንም ዘረገፍኩና አራቱንም ራም በጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው፤ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትክልኝን ላጲስ አውጥቼ ወርቃማ ጥርሳቸውን አንድ በአንድ አሸሁ። አዲስ ራም ምን እድፍ አለበት ትለኝ ይሆናል። እኛ እኮ አዲስ አይተን አናውቅም! ከሞተ ማሽን ነቅለን፣ በላጲስ አሽተን፣ በሕይወት ላለው ስንሰጥ ነው የኖርነው። እጄ ሌላ አያውቅም።

አሽቼ ስጨርስ የትኛው ከየትኛው ፓኬት እንደ ወጣ ጠፋኝ። መልካቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ጀርባቸው ላይ ባለች ደቃቅ ቁጥር ነው፤ እሷን አላየሁም። ማስገቢያውን እንኳ አልተሳሳትኩም። ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ፣ አንዱን ዘልዬ፣ አንተው እንዳስተማርከኝ ሁለቱ ጫፍ ቀጭ እስኪል በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ሁለቱም ማሽኖች በሩ፤ የራሙንም መጠን ሙሉ ቆጠሩ። ደስ አለኝ።

የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። እዚህ ራም የተጨመረበት ማሽን አራት ዙር ይፈተሻል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ የመጀመሪያውን ዙር አየሁና ፍተሻውን አቋርጬ፣ አራት ዙር ተፈትሿል በሚለው ቅጽ ላይ ፈረምኩ። ከበራ ሠራ እንል አልነበር፣ ወንድም ጋሼ? ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ማን ግማሽ ቀን ይጠብቃል! ግን አንተ ዘንድ የምፈርመው ወረቀት አልነበረም። ሰበብ አላደርግህም፤ የፈረመችው የእኔ እጅ ናት።

ማክሰኞ ሹፌራችን ማሽኑን ለሴትዮዋ አደረሰላት። ሐሙስ መልሶ አመጣው፤ በሥራ መሀል ሁለት ጊዜ ድርግም ብሎ ጠፍቶ የአንድ ጠዋት ልፋቷን በልቶባታል። ዳኛው ቅጹን አየ፣ ፊርማዬን አየ፣ ከዚያ የካርቶኑን የተጨረመተ ጥግ አየ። መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ነው አለና ወደ ሹፌሩ ዞረ። ሹፌሩ እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት፣ ጥጉም ከመጋዘን ሲወጣ እንዲሁ ነበር ብሎ ማለ። ማን ይስማው! ከዚህ በፊት አንድ ስክሪን ተሰብሮበት ማስጠንቀቂያ አለበት፤ እናም ጉዳዩ ሰኞ ጠዋት ይታያል ተባለ። መኪናውን ሌላ ሰው ሊረከበው ነው ይላሉ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

ይህ ሹፌር በመጣሁ ሰሞን አውቶቡስ ተሳስቼ የከተማው ጫፍ ላይ ስወርድ ሥራውን ትቶ መጥቶ የወሰደኝ ሰው ነው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። ትናንት ምሳ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ አይደል ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑን ማየት አቅቶኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ሰው የለም። ጠዋት ከፋቿ እኔ ስለሆንኩ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ ገባሁ። የጥርስ ሐኪሙ ማሽን ገና አልተወሰደም። ከፍቼው ራሞቹን አውጥቼ በስልኬ መብራት ጀርባቸውን ሳይ ቁጥራቸው አይገጥምም። ከዚያ የሴትዮዋን ማሽን ፍተሻ ላይ ጣድኩት፤ ይህን የምጽፍልህ ከጎኑ ተቀምጬ ነው። አንደኛው ዙር ንጹሕ ነበር። ሁለተኛውም ንጹሕ ሲሆን፣ ሹፌሩ ይሆን እንዴ ብዬ ደስ ሊለኝ ቃጣኝና በራሴ አፈርኩ። ሦስተኛው ላይ ቀይ መስመር ወጣ፤ አንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ስክሪኑን ሞላው።

አሁን ራሞቹን ወደየጥንዳቸው መልሼ ዝም ማለት እችላለሁ። ማንም አያውቅም። ሰኞ ማሽኑ ደኅና ይሆናል፤ ሹፌሩ ግን ይባረራል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ግን ከሐሙስ ወዲህ ነቅዟል። ብናገርስ? በሐሰት የፈረመች ጀማሪን ማን ያስቀራል? ተባርሬ ብመለስ አባባን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልክ ስትቀልድብኝ እስቅ ነበር፤ ዛሬ መልቀሙም ቸገረኝ። ፈራሁ፣ ወንድም ጋሼ። ምክር ፈልጌ አይደለም የምጽፍልህ፤ መልስህ እስኪደርስ ሰኞ ያልፋል። ለአንተ የነገርኩትን ሌላ ሰው ፊት መካድ እንደማልችል ስለማውቅ ነው። ራሞቹን አልነካኋቸውም፤ እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። አባባን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ እንዲወስድ ንገርልኝ፤ እኔ ያልኩትን ይሰማል። እትዬን ሹራቡ ልክ ሆነልኝ በልልኝ። ትልቁን በትምህርቱ በርታ፣ ትንሿን ደግሞ ፎቶዬን በእስክሪብቶ አትሞነጫጭሪ በላት። አንተን ግን ወገብህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ።

ችኩሏ እኅትህ
ከጥገናው ክፍል፣ ከሥራ ጠረጴዛዬ
ቅዳሜ፣ የካቲት 14 ቀን

ማክሰኞ ነው፤ ፖስታውን ገና አላሸግኩትም። ትናንት ማንም ሳይገባ ለዳኛው ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ ፊርማዬን እኔው እንድሰርዘው አደረገና ወጣ፤ በመስኮት ሳይ መኪናው ድረስ ሄዶ የሹፌሩን እጅ ሲይዝ አየሁ። ልቅር ልባረር ግን እስካሁን አልወሰነም። ጥንዶቹን መልሼ አራቱንም ዙር ጨርሼ ፈተሽኩ፤ ዛሬ ጠዋት ማሽኑ ለሴትዮዋ ይመለስ ተባለ። ሹፌሩ ከትናንት ጀምሮ አላናገረኝም። ካርቶኑን ሊጭን ሲል ግን የፊተኛውን በር ከፍቶ አስገባኝና ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። መንገዱን ሁሉ አቅፌው ሄድኩ። ጉድጓድ በደረስን ቁጥር ቀስ ይላል፤ ዞር ብሎ ካርቶኑን ያያል፣ እኔን አያየኝም። ሴትዮዋ በሯን ስትከፍት ገና ደኅና አደሩ ሳልላት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም አልኳት። ካርቶኑን እንዳቀፍኩት ነበር። ያን ጊዜ ሹፌሩ ከኋላዬ መጥቶ ካርቶኑን ተቀበለኝ።