ለሹራብ ማሽኔ የሰሌዳ ቁጥር ለጠየቁኝ የውል ቢሮ ኃላፊ

ወንበራቸው ለማይጎረብጣቸው፣ ማኅተማቸው ከመሳቢያ ለማይወጣው፣ ለተከበሩት የውል ማረጋገጫ ቢሮ ኃላፊ፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ያ ስብሰባዎ ሁሉም ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃዎን አራት ጊዜ ወጥቶ የወረደው ጉልበቴ ብቻ ነው ሰላምታ የማያቀርብልዎ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ስለሆነ እኔ እየተናገርኩ ልጄ ትጽፋለች። "እማዬ፣ ይሄማ ስድብ ነው" ያለችኝን እየዘለልን ነው፤ ደብዳቤው ያጠረውም ለዚሁ ነው። በርዎ ላይ የምለጥፈው ደግሞ "አልደረሰንም" እንዳይሉኝ ነው።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ አላፊ አግዳሚው ስለሚያነበው ግን ልድገመው። ሰፈሩ እትዬ ሹራብ የሚላት ጎረቤቴ፣ ዓይኗ ሲደክም የሹራብ ማሽኗን ለእኔና ለልጄ ሸጠችልን። ዋጋውን ከፍለን ጨረስን፣ ማሽኑን ተሸክመን ቤት አስገባን፣ የሽያጭ ወረቀት ተጻፈ፣ እሷ ፈረመች፣ የሰፈራችን የልብስ ንጽህና ቤት ባለቤትና የቧንቧ ሠራተኛው በምስክርነት ፈረሙ። "ማኅተም ይረፍበት እንጂ! እኔ የሞትኩ ለት ዘመድ እንደ አሸን ነው የሚፈላው" ያለችው ራሷ ናት። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ወደ እርስዎ መጣን። ጥፋታችን ይኸው ነው።

አንደኛ፦ ለዕቃ ሽያጭ ያላችሁ ቅጽ የመኪና ብቻ ስለሆነ የሰሌዳና የሞተር ቁጥር ሙሉ ተባልን። ማሽኑ በእጅ እየተገፋ ነው የሚሠራው ብዬ ባስረዳው፣ ጸሐፊዎ "እማማ፣ ባዶ ቦታ ካለ ኮምፒዩተሩ አይቀበልም" አለኝ። እትዬ ሹራብም "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስነዳው ትራፊክ አስቁሞኝ አያውቅም" አለችው። ጸሐፊው ሳቀ። ሳቁን አመሰግናለሁ፤ ከቢሮዎ ሳንመላለስ ያገኘነው አገልግሎት እሱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰሌዳ የሌለው መሆኑን ከትራንስፖርት ቢሮ አስጽፉ ተባልን። ትራንስፖርት ቢሮ ደግሞ ሰሌዳ ለሌለው ነገር ፋይል የለንም አለን። ውሃ ቅዳ፣ ውሃ መልስ።

ሦስተኛ፦ ሻጭ እርስዎ ፊት ትቅረብ ተባልን። የእትዬ ሹራብ እግር አብጦ ስለነበር ልጄና የቧንቧ ሠራተኛው በወንበር ተሸክመው ሦስተኛ ፎቅ አወጧት። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ "እናንተዬ፣ ይሄ ሰውዬ የሚሰበሰበው ከማን ጋር ነው? ሠራተኛው ሁሉ እዚህ ቆሞ የለም እንዴ?" ስትል ዋለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀበርናት። ለቅሶ ባለመድረስዎ አልተቀየምኩም፤ ሰው ይበዛብዎታል።

አራተኛ ይሁን አምስተኛ፣ ብቻ የመጨረሻው፤ ይሄኛው አያስቅም። በሕይወቷ ሳለች ደጇን ረግጦ የማያውቅ የወንድሟ ልጅ "ማሽኑ የአክስቴ ነው" ብሎ ቢያመለክት፣ ያለ ሰሌዳ፣ ያለ ምስክር፣ በአንድ ጀምበር ተቀበሉት። የላኩት ሰው ቤቴ ድረስ መጥቶ ማሽኑ ላይ ፊርማዎ ያለበት ወረቀት ለጠፈበት፦ "ማሽኑም ሆነ በላዩ ያለ ማንኛውም ነገር እንዳይነካ። ሻጭ በአሥር ቀን ውስጥ በአካል ቀርበው ካላረጋገጡ ንብረቱ ለወራሽ ይመለሳል።" ሻጭ በአካል! የመቃብሩን መንገድ ልጄ ታሳይዎታለች፤ ደረጃ የለው፣ ወረፋ የለው።

ጌታዬ፣ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ማሽን ነው። ልጄ የተማሪ ሹራብ ትሠራበታለች፣ እኔ ክር እጠቀልላለሁ። አሁን ሁለታችንም እጃችንን አጣጥፈን ግድግዳ እናያለን። የወንድሟ ልጅ ደግሞ ከአሮጌ ብረት ገዢ ጋር ተዋውሎ ጨርሷል፤ በኪሎ ሊያስመዝነው ነው። ሁለቱ ምስክሮቻችን በሕይወት አሉ፣ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ደረጃም ይችላሉ። ጠርተው ይጠይቋቸው። ሙት ከመጥራት ቋሚ መጥራት ይቀላል።

ለእርስዎም ለእኔም ረጅም ዕድሜ ይስጠን፤ እርስዎ ቢሮ ጉዳይ ለማስጨረስ የአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይበቃ አይተናልና።

የኮሪደርዎ ቋሚ ደንበኛ፣ የማኅተምዎ ናፋቂ፣ ከአሥሩ ቀን አራቱ የቀሯት
ባለማሽኗ አሮጊት

ሳልረሳው፦ ባለቤትዎ ለእርስዎ ያዘዙት አንገተ ረጅሙ ግራጫ ሹራብ እኔው ዘንድ ነው። ደረቱ፣ ጀርባውና አንዱ እጅጌ አልቆ፣ ሁለተኛው እጅጌ ማሽኑ ላይ ክርን ጋ ሲደርስ ነው የታገደው። ሕግ አክባሪ ነኝና አልነካሁትም። ባለቤትዎ ትናንት ሊወስዱት መጥተው ነበር፤ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ፊርማውን ሁለት ጊዜ አዩት፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም፤ እኔ በሰው ትዳር አልገባም።