ልዑሉ ያልረገጠው ምሽግ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ ለአግራፌና። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገሽ? የአባቴ ሳልስ ቀለል አለላቸው ወይስ እንደ ጻፍሽልኝ እየባሰ ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከነሙሉ አካሌ አለሁ። ይህን ዲያቆኑ ለብቻሽ ያንብብልሽ።

ስለ ልዑል ቫዲም፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመድ፣ ሳትሰሙ አትቀሩም። ክርስትና በተነሣ ዕለት የክፍለ ጦራችን መኮንን ተባለ፤ ጢም ሳያበቅል ኮሎኔል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጄኔራል ሆነ። እኛ የሻገተ ደረቅ ዳቦ ስንቆረጥም የእሱ የገላ መታጠቢያ ገንዳና ዝይዎቹ በጋሪ ተጭነው መጡ።

የቱርኮቹን ምሽግ በያዝንበት ዕለት ከሩቅ ኮረብታ ላይ ወንበር አስዘርግቶ በመነጽር ሲያይ ነበር፤ ኋላም እንቅልፍ ወሰደው። እኛን መርተው ወደ ምሽጉ ያወጡን ሻምበል ሉክያኖቭ ናቸው፤ ስንታመም ሻይ ይዘውልን ይመጡ የነበሩት። ከምሽጉ አፋፍ ላይ ተመትተው ሞቱ።

አሁን ታዲያ የጀግና መስቀል ኒሻን የሚሸለመው ልዑሉ ነው፤ ለዚያም ምስክር ያስፈልጋል። እሑድ ዕለት ቄሱ ወንጌልና መስቀል ይዘው መጡ። ሻለቃችን፣ «ልዑላችን ሰይፋቸውን መዝዘው ከፊት ቀደሙ ብላችሁ መስቀሉን ሳሙ፤ የማለ እስከ ገና በፈቃድ ወደ አገሩ ይሄዳል» አለን። የጎረቤታችን ልጅ ትሮፊም ቀድሞኝ ቀርቦ ሳመ። የእኔ ተራ ሲደርስ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ያየሁት ሻምበል ሉክያኖቭን ነው» አልኩ። «አንተ ደንቆሮ፣ አባትህ እያጣጣረ አይደል እንዴ? ከንፈርህን ማስነካት ይሄን ያህል ይከብድሃል?» አለኝ። ቄሱ መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። እናቴ፣ ከሻለቃው ይልቅ ያንገሸገሸኝ የእሳቸው ዝምታ ነው። የአባቴ ፊት ድቅን አለብኝ፤ ግን አልሳምኩም። ፈቃዴም ተሰረዘ።

እንግዲህ አባቴ እንዳይጠብቁኝ። ቀብራቸው ላይ ካልደረስኩ ይቅር ይበሉኝ።

የአባቴን ጉልበት ሳሚልኝ። እኅቴ ኡልያናን፣ ባሏን ሳቫን፣ ትንሿን ፔላጌያን በያሉበት ሰላም በዪልኝ። ላሚቱንም ቢሆን እሺ ካለችሽ ግንባሯን ዳብሺልኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ትሮፊም ነው። ክፉ ቃል እንዳትናገሪው፤ ሚስቱ ከወለደች ወዲህ ልጁን አላየም። የጎመን ሾርባ ስጪው፣ ከምድጃው ተጠግቶ ይሙቅ። ብቻ አደራሽን፣ አባቴ በተኙበት ስለ ልዑሉ እንዳትጠይቂው፤ እንደ ማለው፣ ልዑሉ እንዴት እንደ ተዋጋ ይነግራችኋል።

ልጅሽ ዴምያን
ከዳኑብ ወንዝ ማዶ፣ ከቡልጋሪያ ምድር
ኖቬምበር 12 ቀን 1877