ሳይቆም የተገለበጠ መዝገብ

ለእታለሜ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ አንገትሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበስሽ ነው የምትውዪው? ልጆቹስ? ትልቋ በቁመት ልትደርስብሽ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ አትጠይቂኝ። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ አፏ እንደ ድሮው ነው።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በዓመት ሁለቴ በስልክ «አለሽ?» «አለሁ» ከመባባል ያለፈ ነገር ካወራን አምስት ዓመት ሊሆነን ነው። ይህን በስልክ ብጀምረው መሀል ላይ ድምፄ ይከዳኛል፤ አንቺም «ደንበኛ መጣብኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ታገሺኝና ከሥራዬ ልጀምር፤ ነገሩ የመጣው ከዚያ ነው።

አምቡላንስ ጥሪ ማዕከል መግባቴን ሰምተሻል። ስልክ አንሺ ግን አይደለሁም። ስልክ የሚያነሱት ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ ደፍተው ሰፊው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። እኔ ከጀርባቸው በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሰርቨሩ ጋር ነኝ። ሰርቨር ማለት ቀን ከሌት የማይጠፋ ኮምፒውተር ነው በይው። ማን ደወለ፣ ከየት ደወለ፣ የትኛው መኪና ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ላይ ደረሰ፣ ሁሉም እሱ ውስጥ ባለው ዳታቤዝ ይመዘገባል። ማሽኑ እንዳይግል ክፍሏ ሁልጊዜ ስለምትቀዘቅዝ ሹራብ ለብሼ ነው የምውለው፤ ብቅ ባልኩ ቁጥር አዳራሽ ያሉት «ክረምት ገባ» እያሉ ይስቁብኛል።

ከእኔ በፊት ክፍሏን የያዙት ሁሉም ሰው ጋሽ ሽቦ የሚላቸው አዛውንት ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ሲያስረክቡኝ አንድ ነገር አደራ አሉኝ፦ በየሳምንቱ ዓርብ የዳታቤዙን ፋይሎች ወደ ሌላ ዲስክ እንድገለብጥ። ሰርቨሩ አንድ ቀን ቢሞት ከዚያ ቅጂ እናስነሳዋለን ማለት ነው። የስድስት ዓመት ቅጂ ቀኑ በእጅ ጽሑፋቸው ተለጥፎበት መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ አገኘሁ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ እንደተባልኩት ስገለብጥ ኖርኩ።

የእኔን ነገር ታውቂዋለሽ፤ የተዘጋ ነገር ካየሁ ካልከፈትኩ እረፍት የለኝም። ባለፈው ወር ሰርቨሩ ውስጥ ካሉት ሁለት ዲስኮች አንዱ ሞተ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ስለሚይዙ ሥራው አልቆመም፤ ግን የቀረውም የድካም ምልክት ማሳየት ጀመረ። አዲስ እስኪመጣ አሥር ቀን ይፈጃል ተባለ። እኔም መደርደሪያውን ሳይ፣ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ከፍቶ ያየ ሰው አለ ወይ የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ማንንም ብጠይቅ የለም። እኔም አላየሁም።

አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከዕቃ ክፍል ጎትቼ አወጣሁና የባለፈውን ዓርብ ቅጂ ጫንኩበት። እምቢ አለ። ከዚያ በፊት ያለውን ሞከርኩ፤ እምቢ። ሦስተኛው ተከፈተ፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ስመለከት አንዱ አምቡላንስ ሳይነሳ ደርሷል። አንዲት እናት ደግሞ ሆስፒታል ገብታ ከወለደች በኋላ ነው ምጥ መጣብኝ ብላ የደወለችው። ብቻዬን ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ለምን እንደዚህ እንደሆነ ባንቺ ሥራ ልንገርሽ። ልኬት ስትወስጂ ደንበኛሽ ቀጥ ብላ ትቆምልሻለች። እየሮጥኩ ለኪኝ ብትልሽስ? ትከሻዋን ለክተሽ ወገቧ ጋ ስትደርሺ እሷ ጎንበስ ብላለች፤ እጇን ስትይዢ ዞራለች። እያንዳንዱ ቁጥር እውነት ነው፤ ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ለማንም አይሆንም። ሰርቨሩም እንደዚያ ነው። ፋይሎቹ ብዙ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ገልብጬ መጨረሻው ጋ እስክደርስ አርባ ሃምሳ ሰው ደውሎ ሁሉንም ቀያይሮታል። ግማሹ የሦስት ሰዓት፣ ግማሹ የአራት ሰዓት ሆኖ ይቀራል።

ቀላሉ መንገድ ሰርቨሩን አቁሞ መገልበጥ ነው። ኃላፊያችን የቀድሞ ነርስ ናቸው፤ ሄጄ ለአንድ ሰዓት ላቁመው ብዬ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና በዚያች ሰዓት ማን እንደሚወድቅ ንገሪኝና አቁሚው አሉኝ። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

እያፈርኩ ለጋሽ ሽቦ ደወልኩ። ቅጂዎቹ እንደማይከፈቱ ስነግራቸው ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀደደ ጆንያ ስሞላ ነበር በይኛ ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም፤ አስቀየምኳቸው ብዬ ራሴን ስወቅስ፣ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ላይ ተገትረው አየኋቸው። ለምን እንዳልተከፈተ ሳላይ ምሳ አይወርድልኝም አሉ። ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ አጠገቤ ተቀመጡ።

እታለሜ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት ብታይልኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሰባ ዓመት ሽማግሌና እኔ አንድ መመሪያ ላይ ተደፍተን፣ እሳቸው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ እኔ እያነበብኩ። አንዳንዴ ድንገት ጠረጴዛውን ይመቱና ቆይ ቆይ፣ ይህችን ድገሚያት ይሉኛል። መፍትሔው ለካ እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ነበር። «ልገለብጥህ ነው» ብለሽ አስቀድመሽ ትነግሪዋለሽ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚለዋወጠውን ነገር አንድ በአንድ በቅደም ተከተል በጎን ማስታወሻ ይይዝልሻል። አንቺ ሳታቆሚው ፋይሎቹን ትገለብጫለሽ፤ መዘበራረቃቸው አይቀርም። በመጨረሻ ግን ማስታወሻውንም አብረሽ ትወስጃለሽ። ቅጂውን ስታስነሺ ማስታወሻውን ከላይ እስከ ታች ይከተልና የተዘበራረቀውን ሁሉ ራሱ ያስተካክለዋል። ጋሽ ሽቦ ይህን ሲረዱ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ማክሰኞ ጥሪ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ ጀመርን። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። የደከመው ዲስክ መሀል ላይ እንዳይሞትብኝ በልቤ ስለምነው ነበር። በመስታወቱ ሳይ አዳራሹ ሥራውን ይሠራል፤ አንዷ ብቻ ዞር ብላ ዛሬ ትንሽ ተንቀራፈፈብኝ ብላ በምልክት ነገረችኝ። በማግስቱ ቅጂውን አሮጌው ኮምፒውተር ላይ አስነሳነው። ተከፈተ። የጥሪዎቹን ብዛት ከዋናው ጋር አመሳከርን፤ አንድም አልጎደለም። ከዚያ ወዲያ ማስታወሻው በየደቂቃው ወደ አሮጌው እንዲሻገር አደረግነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለተኛው ዲስክ ሞተ። አዳራሹ ውስጥ ለሃያ ሁለት ደቂቃ በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ አሮጌው ኮምፒውተር ሥራውን ተረከበ። የጠፋ ጥሪ የለም። ኃላፊያችን ግንባሬን ሳሙኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ብቻ ልነግርሽ እጽፍ ነበር፤ ኩራቴን ታውቂዋለሽ።

ግን የጻፍኩልሽ ለዚህ አይደለም። ከቅዳሜ በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ብዛቱ ከገጠመ በኋላ ጋሽ ሽቦ አንድ ነገር አሉ። የብዛት መግጠም አይበቃም፣ ራስሽ የምታውቂውን አንድ ጥሪ ፈልጊና እንደምታውቂው መሆኑን እዪ አሉኝ። የሰው መዝገብ እንዲሁ አይከፈትም፤ የሚከፍት ሰው ስሙንና ምክንያቱን በደብተር ጽፎ ይፈርማል። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እኔ በሕይወቴ የማውቀው አንድ ጥሪ ብቻ ነው። አባባ ያረፈበት ቀን ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።

የማውቀው ይህን ነበር። እማዬ ገበያ ሄዳለች። እኔ ፈተና ላይ ነኝ። አንቺ ከአባባ ጋር ቤት ነሽ። አምቡላንሱ አራት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ደረሰ፤ ሐኪሙም ከአርባ ደቂቃ በፊት ቢሆን ኖሮ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አንቺ በሁላችን ፊት ቃር መስሎኝ ዘግይቼ ደወልኩ አልሽ። እማዬ ፊቷን አዞረች። እኔ ያን ቀን ያልኩሽን እዚህ አልደግመውም። አንቺ እንዳልረሳሽው አውቃለሁ፤ እኔም አልረሳሁትም።

መዝገቡ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ። ደዋይ ሴት ልጅ። ታማሚ አባቷ። የደረት ሕመም፣ ላብ። መኪና ቁጥር ሰባት ተነሥቷል።

«ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስድስት። ከዚያው ስልክ። ደዋይ ታማሚው ራሱ። ተሽሎኛል፣ ልጄ ደንግጣ ነው፣ መኪናውን ለባሰበት ሰው ላኩት ብሏል። ከኋላ ሴት ስታለቅስ ይሰማል። ጥሪው በታማሚው ጥያቄ ተሰርዟል። መኪናው ተመልሷል።

«ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት። ደዋይ ሴት ልጅ። ታማሚው አይናገርም።»

ቅጂው የተበላሸ መሰለኝ። ሳይነሳ የደረሰ አምቡላንስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህም የሌላ ሰው ጥሪ ከእኛ ጋር ተደባልቆ ይሆናል አልኩ። ዋናው ሰርቨር ላይ ከፈትኩት። ያው ነው። ቃል በቃል፣ ደቂቃ በደቂቃ ያው ነው። ጋሽ ሽቦ ገጠመ ወይ ብለው ጠየቁኝ። መዝገቡ ገጥሟል አልኳቸው። ፊቴን አይተው ተነሡና አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጡልኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄ በጥያቄ ሆኛለሁ። ስልኩን ቀምቶሽ ነው ወይስ ስጪኝ ብሎሽ ሰጠሽው? ሲያወራ ይስቅ ነበር? በእነዚያ ሠላሳ ስድስት ደቂቃዎች ውስጥ ምን አወራችሁ? አጠገቡ ተቀምጠሽ ነበር ወይስ በር ላይ ቆመሽ መንገድ መንገዱን ታዪ ነበር? እማዬ ዓመት ሙሉ ሐኪም ዘንድ ሂድ እያለች ስትለምነው፣ ትንሽ እንኳ ቢያምህ ወዲያው አምቡላንስ ታስጠራለህ ብላ በሁለታችን ፊት እንዳስማለችው ትዝ ይልሻል? እኔ ረስቼው ነበር። አንቺ ግን ያን ቀን ሐኪሙ አፉን ሲከፍት፣ ቀና ብለሽ መጀመሪያ ያየሽው የእማዬን ፊት ነበር። ይሄ አሁን ነው ትዝ ያለኝ፤ መሐላውን ማፍረሱን እማዬ እንዳትሰማ ነው ጥፋቱን የወሰድሽው?

አንዱንም ባትመልሺልኝ አልቀየምም። ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገሩ የእኔ አይደለም፤ ያንቺ ነው። ብቻ እኔ ማንበቤን ሳታውቂ አንዲት ቀን እንኳ እንድታልፍ አልፈለግኩም። ቀሪው ፊት ለፊት ካልሆነ በወረቀት አይባልም። የሚመጣው ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። ደንበኛ ቢኖርብሽም ጥግ ይዤ እጠብቅሻለሁ።

ትናንት እማዬ ጋ ሄጄ አንቺ ዘንድ ልመጣ መሆኑን ነገርኳት። ሌላ ምንም አላልኩም፤ አንቺ ትሙች፣ አንዲት ቃል አልወጣኝም። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አላቆመችም። አንድ ቀሚስ አጠፈች፣ ሌላ አጠፈች። ከዚያ ቀና ሳትል፣ ያ ሰው እኮ አምቡላንሱ ደጁ ድረስ ቢመጣለትም አይሳፈርም ነበር አለችኝ። መሳቢያውን ዘጋችና ሁለት ትኬት ቁረጪ፣ መስኮት በኩል ለእኔ አለችኝ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። እስክንደርስ በሰላም ቆዪን።

ታናሽ እህትሽ