አጎቴ «ይህችው ናት» ያሉኝ መንገድ

ረቡዕ
ወይ ጉዴ! ነገ አሥራ ስድስት ሰው ይዤ ልወጣ ነው። ለስብሰባ ከየአገሩ ወደ አርብ ገበያ ከተማ የመጡ መምህራን ናቸው። የበሽሎን ወንዝ በረሃ ከአፋፉ ላይ ይዩ ተባለ፤ የአገሩ ልጅ ናት ብለው መሪነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ነገ ከተሳካልኝ ቅዳሜ ሁለተኛውን ቡድን እወስዳለሁ። ካልሆነ ይቀራል።

አፋፉ ላይ ለሚኖሩት አጎቴ ለአያ ደሴ ደወልኩ። መኪና ከሚቆምበት በእግር ምን ያህል ነው? «ይህችው ናት!» አሉኝ። እኔም ለእንግዶቹ «ሃያ ደቂቃ» አልኩ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ቆሎ። ሌላስ?

ሐሙስ
አፈር ልብላ! ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔ እንኳ በልጅነቴ በበቅሎ ነበር የምሄደው። ደግሞ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ!

ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የያዝነው ውሃ መንገድ ላይ አለቀ። «ቀረን?» ባሉኝ ቁጥር «ያ ቁልቋል ጋ» እላለሁ። ስንቱን ቁልቋል አለፍን! ለጡረታ የደረሱት ወይዘሮ አልማዝ በስብሰባ ጫማቸው ነበር የመጡት፤ እግራቸው ውሃ ቋጠረ። «ልጄ፣ ዋሸሽን» አሉኝ።

አያ ደሴ ቤት ስንደርስ ሚስታቸው እትዬ ሙሉ ውሃ ለብ አድርገው ጠበቁን። አያ ደሴ ገበቴውን ይዘው ተንበረከኩና የወይዘሮ አልማዝን እግር አጠቡ፤ ጉልበታቸውን ሳሙ። ወይዘሮ አልማዝ አለቀሱ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እግሬን ማንም ነክቶት አያውቅም።» ከዚያ አሥራ ስድስቱም በየተራ ታጠቡ። ገደሉን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም አፉን ይዞ ቀረ።

ሲመለሱ ወይዘሮ አልማዝ በአያ ደሴ በቅሎ መጡ። መኪና ውስጥ ግን ሁሉም ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያሽ መጣ። በቃ፣ አለቀልኝ።

ዓርብ
ገበያተኛውን ከነአህያው እየተጋፋሁ ስብሰባው አዳራሽ ደረስኩ። በሩ ላይ የቅዳሜ ተጓዦች ዝርዝር ተለጥፏል። ለማየት ፈራሁ። ሃያ አንድ ሰው! መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ አልማዝ፣ እንደገና! ከላይ በእጃቸው ጽፈውበታል፦ «ሃያ ደቂቃ የተባለው ውሸት ነው። ሸራ ጫማ አድርጉ።» ብቻዬን ሳቅሁ።

ደስ ብሎኝ ለአያ ደሴ ደወልኩ። «ይምጡ እንጂ! የእግዜር እንግዳ ይመለሳል እንዴ?» አሉኝ። ድንገት አንድ ነገር መጣብኝ። «ያን ሁሉ እግር ያጠባችሁበትን ውሃ ከየት ነው የቀዳችሁት?» አልኳቸው።

«እትዬሽ ናት የተሸከመችው። ምንጩ ይህችው ናት።»

የእሳቸውን «ይህችው» በእግሬ ለክቻታለሁ። ነገ መኪናው ላይ መጀመሪያ የሚጫነው ጀሪካን ነው። መኪናው ከቆመበት ወዲያ ደግሞ እኛው እንሸከማለን፣ ሁላችንም።