በሹካ የተመታው እንቁላል

መቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 1972 ዓ.ም.

ጓድ ደበላ ዛሬ ጠዋት በአጥሩ ላይ ጠራኝ። ጎረቤቴ ነው፤ የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ነው። ሰላምታው በዛብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ አስቴር፣ ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያንን የእንቁላል መምቻ ማሽን አስነስተው ነበር?» አለኝ።

አስነስቻለሁ። ለጋሼ ከድር ልጅ ሰርግ ኬክ እየሠራሁ ነው። ፈረንጆቹ አገር ጥለው ሲሄዱ ከሰበሰብኳቸው አራት አሮጌ መምቻዎች ትልቁን ሰካሁት። እሱ ሲዞር የሰፈሩ ሬዲዮ ሁሉ ይንጫጫል። በዚያ ሰዓት የማልነካውም ለዚህ ነው፤ ባለቤቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተከለከለውን ጣቢያ የሚሰማበት ሰዓት ነዋ። ትናንት ግን እሱ ጎሬ ነበር።

«አዎ፣ ምነው?» አልኩት።

«ምንም። ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት አያስነሱም ነበር ብዬ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ስብሰለሰል ዋልኩ። የመንግሥት ዜና ተረብሾበት ቢሆን በስብሰባ መሀል አስነስቶ ይወርድብኝ ነበር እንጂ አያንሾካሹክም። እሱም ያንኑ ጣቢያ ይሰማል ማለት ነው? ወይስ በዚያ ሰዓት ለምን እንደማልነካው ገብቶታል?

ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን ማሽኑን ተውኩና የቀረውን እንቁላል በሹካ መታሁት። ክንዴ ዛለ። ብዙም ሳይቆይ የደበላ ሚስት አንድ ጣሳ ማር ይዛ መጣች።

«እግዜር ይስጥልኝ ብሏል» አለችኝ።

ለምኑ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ማሩንም አልቀመስኩትም።